የርቢ እንቁራሪቶች

ወይዘሮ ጌታነሽ ሊመነኩሱ መቁረጣቸው በተሰማ ሰሞን ደጃቸው ገበያ መሰለ። ጎረቤት ሰው ሲሞት ለመቅበር እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ ሰው በቁሙ ንብረቱን ሲበትን ግን ከዚያ ይበልጥ እንደሚሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የበግ ጠጉር ባናው ለአንዷ፣ ጋኑ ለሌላዋ፣ በጎቹ ለዘመድ፣ ገብሱ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። «እንግዲህ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል ብዬ እኮ ነው» እያለ መጥረቢያውንም ማጭዱንም ይዞ የሄደ አለ። የበሩን መቀርቀሪያ ሳይቀር የተመኘ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

አንድ ንብረት ብቻ ፈላጊ አጣ። እሱም ከጓሮ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ባለው ኩሬ ውስጥ የሚኖሩት እንቁራሪቶች ነበሩ።

«እነሱንስ ለማን ያወርሷቸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አልጠፋም። ለመሳቅ ነው እንጂ ለመውሰድ አልነበረም።

ኩሬው የተቆፈረው የግብርና ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ «የዝናብ ውኃ አቁሩ» ባሉበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ከቀየት ከተማ በላይ ያለው አገር ሁሉ ቆፈረ። ለጉድጓዱ የሚነጠፍ ጥቁር ፕላስቲክም ታደለ። ዓመት ሳይሞላ ጉድጓዱ ሁሉ ደርቆ ፕላስቲኩ የገለባ ክምር መሸፈኛ ሆነ። የወይዘሮ ጌታነሽ ባል አቶ ምንይሉም እንደ ሰዉ የራሳቸውን ፕላስቲክ ሊያነሡ አንድ ማለዳ ወደ ጓሮ ቢወርዱ፣ ከቀረችው ጥቂት ውኃ ውስጥ፣ ከየት እንደ መጡ እግዜር ይወቅ፣ እንቁራሪቶች ሰፍረው አገኙ። ጀርባቸው ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ያላቸው፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ሰው ሲያዩ የማይደነብሩ ነበሩ። አቶ ምንይሉ ጥቂት ቆመው ተመለከቱና ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ተመለሱ።

«ምነው ተውከው?» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«ሰው ገብቶበታል» አሉ አቶ ምንይሉ።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። ጠበል ተጠምቀዋል፣ ስለት ተስለዋል፣ በመጨረሻም ዝም ብለዋል። ቤታቸው ሁለት ሰው የሚያወራበት፣ ቀጥሎም ሁለት ሰው ዝም የሚልበት ቤት ነበር። እንቁራሪቶቹ ከገቡ ወዲህ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አመሻሹ ላይ ጓሮው ይንጫጫ ጀመር። ከሁሉ የሚተልቀው፣ የፊት እግሩ አንድ ጣት የጎደለው፣ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጀምራል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አቶ ምንይሉ እሱን «አለቃ» ብለው ሰየሙት። ከእርሻ ሲመለሱ ገና በሩን ሳያልፉ «ልጆቹ ገቡ?» ይላሉ። «ገብተዋል» ይላሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። እንዲህ ሲሉ ብዙ ክረምት አለፈ።

አቶ ምንይሉ ታመው በተኙ ጊዜ አልጋቸውን ወደ ጓሮው ግድግዳ አስጠግተው ተኙ። የመጨረሻው ሰሞን ሰው መለየት ሲያቅታቸው እንኳን፣ አለቃ ሲጀምር ፊታቸው ይፈታ ነበር። ከሞቱ በኋላ ወይዘሮ ጌታነሽ በበጋ ከምንጭ በጀሪካን ውኃ እያመላለሱ ኩሬውን አላስደረቁትም። በኅዳር ውርጭ ዳር ዳሩን በገለባ ይሸፍናሉ። «የፈርዖንን መቅሠፍት በጓሮዋ ታረባለች» ብሎ የሚያማ ነበር። እሳቸው ሐሜቱን ይሰማሉ፤ አይመልሱም። ባላቸው ከዚህ ዓለም የተዉላቸው ድምፅ ያ ብቻ መሆኑን ለማን ይናገሩታል?

አሁን ግን ሊመነኩሱ ነው። ቤቱና መሬቱ የሚያልፈው ለባላቸው ታናሽ ወንድም ለገሠሠ ነው። ገሠሠም ኩሬውን ደፍኖ ገብስ ሊዘራበት እንደሆነ አልደበቀም።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «አምና ጠቦቴ ሰጥሞብኛል። ነገ ደግሞ ልጅ ቢገባስ?»

እውነቱን ነው። ወደ ወንዙ እንዳይለቋቸው ደግሞ ወንዙ ገና ጥር ሳይገባ ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ሲጨንቃቸው ሰነበተ። ገሠሠ ግን አፉ አያርፍምና፣ ቀየት ገበያ ወርዶ «የወንድሜ ሚስት እንቁራሪት ልታወርስ ወራሽ አጥታለች» እያለ ሰዉን ሲያስቅ ዋለ። ከሰሙት መካከል አንዲት ያልሳቀች ነበረች።

ትርሲት ትባላለች። በቀየት ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ናት፤ የመጣችው ከደብረ ብርሃን ነው። በማግስቱ የሰኔው ጭጋግ ገና ሳይገለጥ በጭቃ ጫማዋ ዳገቱን ወጥታ ከወይዘሮ ጌታነሽ ደጅ ቆመች። ገሠሠም ያወራውን ያውቃልና፣ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ከኋላዋ ተከትሎ ገባ።

«እማማ» አለች ትርሲት፣ ከተቀመጠች በኋላ። «እንቁራሪቶችዎን ለትምህርት ቤታችን ቢለግሱልን ብዬ ነው የመጣሁት። የመስተዋት ቤት ሠርቼላቸዋለሁ፤ ከአሮጌ የመስኮት መስተዋት ነው የገጣጠምኩት። ተማሪው ያያቸዋል፤ በገበያ ቀን ደግሞ በሩን ከፍቼ የአገሩ ሰው ሁሉ ገብቶ እንዲያይ እፈልጋለሁ።»

ገሠሠ ሳቀ። «እንቁራሪት ያላየ የመንዝ ልጅ አለ እንዴ?»

«አይቶ በድንጋይ የመታ እንጂ ቁጭ ብሎ ያየ የለም፣ ጋሼ» አለችው።

ወይዘሮ ጌታነሽ መልሷን ወደዱት። የሚያስፈራቸው ሌላ ነገር ነበር።

«ትምህርት ቤት እንቁራሪት ሆዱ ይቀደዳል ይባላል።»

ትርሲት አልካደችም። «ኮሌጅ ሳለሁ ቀድጃለሁ። አልወደድኩትም። እነዚህን ግን አልቀድም። ቃሌ ነው።»

ቃሏ በቂ ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታቸዋለች፤ «ውሰጃቸው» ማለት። መጥረቢያውን ሲሰጡ ብለዋታል፤ በጎቹን ሲሰጡም ብለዋታል። አሁን ግን ቃሏ ከጉሮሮ አልወጣ አለች። ወደ ጓሮው ግድግዳ ዞሩ፤ ባላቸው ተኝተውበት የነበረውን ቦታ አዩ። ከዚያ ከአፋቸው የወጣው ራሳቸውም ያላሰቡት ነገር ነው።

«በርቢ ውሰጃቸው።»

ገሠሠ የሰማውን አላመነም። ትርሲት ደግሞ ርቢ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበርና ወደ እሱ ዞረች።

«ርቢ ማለት» አለ ገሠሠ ሳቁን እየታገለ፣ «በግ ያለው ሰው ለሌለው ይሰጣል። ተቀባዩ ይጠብቃል፣ ያረባል። የተወለደው እኩል ይካፈላል። እናቲቱ ግን የባለቤቷ ናት፤ ባለቤቷ በፈለገ ጊዜ ይወስዳታል። ከሞተች ደግሞ ተቀባዩ ቆዳዋን አምጥቶ ያሳያል፤ በላት ወይ ሸጣት እንዳይባል። ለበግ እንዲህ ነው። ለእንቁራሪት ግን እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

«እስማማለሁ» አለች ትርሲት። አልሳቀችም።

«ዋስስ ማን ይሁን?» አለ ገሠሠ።

«አንተ አለህ አይደል?» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«እኔ? በግ ብትሞት ቆዳም አላት። እንቁራሪት ብትሞት ምን ይዤ ልጠየቅ ነው?»

«እሷም ቆዳ አላት» አሉና ነገሩን ዘጉት። እንግዲህ ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላልና ገሠሠ ዋስ ሆነ። ሌሎችን ሊያስቅ የወጣ ሰው ራሱ መሳቂያ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀየት ገበያ «የእንቁራሪት ዋስ» እያለ ይጠራዋል።

እንቁራሪቶቹን ሲይዟቸው ሦስቱም ጭቃ በጭቃ ሆኑ። አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ እርጥብ ሣር አድርገው፣ አፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰሩት። አለቃ ከካቡ ሥር ገብቶ አልወጣም ብሎ ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ ተንበርክከው እጃቸውን ውኃው ላይ አኖሩ፤ ቆይቶ ቆይቶ ወጣና መዳፋቸው ላይ ተቀመጠ። ጀሪካኑ በገሠሠ በቅሎ ተጭኖ ቁልቁል ሲወርድ እስኪሰወር አዩት። የዚያን ዕለት ምሽት ጓሮው ዝም አለ። «ልጆቹ ገቡ?» የሚለው የባላቸው ድምፅ በጆሯቸው መጣና መልስ ሳያገኝ ቀረ።

በሳምንቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ፍቅረ ሥላሴ ሄዱ። አባ ለገዳሙ እመምኔት መልእክት የሚልኩት ንብረታቸውን ሁሉ ማስረከባቸውን ካረጋገጡ በኋላ ነበር። ገዳሙ ባለንብረት አይቀበልም።

«ሁሉን ሰጠሽ?»

«ሰጥቻለሁ፣ አባቴ።»

«እንቁራሪቶቹንስ?» አሉ አባ ፈገግ ብለው።

«ለትምህርት ቤት ሰጠኋቸው።»

አባ ደስ አላቸው፤ መረቁም። ሰጠሁ ማለትና በርቢ ሰጠሁ ማለት አንድ እንዳልሆነ ወይዘሮ ጌታነሽ ከአባ በላይ ያውቁታል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ረዘመባቸው።

ክረምቱ ገባ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። አስተማሪው ሁሉ ወደየአገሩ ሄደ። ትርሲት ግን አልሄደችም። ይህንን ለወይዘሮ ጌታነሽ ያመጣላቸው ገሠሠ ነው። ገሠሠ «ዋስ ነኝና ልይ» እያለ በየገበያው ቀን ትምህርት ቤት ይገባ ነበር፤ አይቶም ሲመለስ የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረም።

«ዝንብ ታጠምዳለች፣ እትዬ» አለ አንድ ቀን። «የበግ እበት በአሮጌ ሳፋ ታስቀምጥና ዝንብ ሲሰፍርበት በመረብ ትይዛለች። እናቷ ነይ እያሉ ይደውላሉ አሉ። ‹ከብት አለብኝ› አለቻቸው። ከብት ብላ እኮ ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ካባውን ሳያወልቅ ገባና፣ «ወልደዋል» አለ።

«ምን መሰለ?»

«ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ተልባ ነው። ተልባ ሆኖ ግን መሐሉ ጥቁር ጥቁር። መምህርት አጎንብሳ ታያለች፤ እኔም አጎንብሼ አየሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር?»

ወይዘሮ ጌታነሽ ያን ቀን ደስ አላቸው። ግማሹ የእኔ ነው ብለው አሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲያ በማሰባቸው ደነገጡ። የሚመነኩስ ሰው ከብት ረባልኝ ብሎ ይደሰታል? ግን ተደሰቱ።

ፍልሰታ ገብቶ፣ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም እየጣለ ሳለ ትርሲት ራሷ መጣች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ከካፖርቷ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ሳትቀመጥ በሁለት እጇ ዘረጋች።

«ምንድነው?»

«አለቃ ሞተ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ተቀበሏትና ጋዜጣውን ገለጡ። ከካርቶን ቁራጭ ላይ፣ የቅጠል ያህል ቆዳ ተወጥሮ ነበር። ዙሪያውን በመርፌ ተይዟል፤ ልክ የበግ ቆዳ ደጅ ላይ በችካል እንደሚወጠረው። አረንጓዴዋ መስመር ደብዝዛለች። የፊት እግሩ አንድ ጣት የለም።

«ትናንት ማለዳ ስገባ ተንሳፎ አገኘሁት» አለች ትርሲት። «ሕመምም አላየሁበትም፤ በዋዜማው ማታ እንኳን የጀመረው እሱ ነበር። ያረጀ ይመስለኛል። ቆዳውን አወጣሁና የቀረውን ከግቢው ጽድ ሥር ቀበርኩት።»

ድምፁ ቀድሞ የሚነሣው፣ ባላቸው ሊሞቱ ሲሉ እንኳን የሚያውቁት ድምፅ፣ ይኸው። ወይዘሮ ጌታነሽ እንባቸው መጣ። እንባው ከመውረዱ በፊት ግን ልጅቷን ቀና ብለው አዩ። ትርሲት አሁንም አልተቀመጠችም፤ የምትናዘዘው ያላት ሰው ትመስላለች።

«ምነው ልጄ?»

«አልቀድም ብዬ ቃል ሰጥቼዎት ነበር። ቆዳውን አመጣለሁ ብዬም ተስማምቻለሁ። ቆዳ ያለመቅደድ አይወጣም። ሙሉ ቀን አስቤ ሁለቱንም ቃል የምጠብቅበት መንገድ አጣሁ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ካርቶኑን ይዘው ቆሙ። አፈሩ፤ ያፈሩትም በራሳቸው ነው። ይህች ልጅ እናቷን ትታ ክረምቱን በብርድ የሰነበተች፣ በጭቃ ዳገት የወጣች፣ እጇን በማትወደው ነገር ያነካካች እሳቸው አንዲት ቃል ከጉሮሯቸው ማውጣት ስላቃታቸው ነው። ቆዳ እንዲመጣ ውል ያሰሩት እንዳይቀደዱ የለመኑት ሰው ናቸው። ይህ እንዴት ያኔ አልታያቸውም?

«እኔ ነኝ የቀደድኩት» አሉ። «አንቺ አይደለሽም። ነይ እሳት አጠገብ ተቀመጪ።»

ትርሲት ተቀምጣ እጇን አሞቀች። ጥቂት ሲረጋጉ፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው» አለች። «እግር አብቅለዋል። ትምህርት ሲከፈት ይምጡ፤ ድርሻዎን ለይቼ አቆያለሁ።» ወይዘሮ ጌታነሽ እሷን ሸኝተው ሲመለሱ ቆዳውን ከካርቶኑ ፈትተው፣ በጋዜጣው ጠቅልለው፣ ከመቀነታቸው እጥፋት ውስጥ አደረጉት። ይህን ያየ ሰው የለም።

ፍልሰታ ሲፈታ ወደ አባ ፍቅረ ሥላሴ ሄዱ። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ብቅ ባለችው ፀሐይ፣ ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ ከፊታቸው ቁጭ ብለው ሁሉን ተናገሩ፤ ርቢውን፣ ዋሱን፣ ቆዳውን። አባ ርቢውን ሲሰሙ ሳቁ፤ እስኪስሉ ድረስ ሳቁ። ቆዳው ጋ ሲደርስ ሳቃቸው ቆመ።

«እንግዲያው አልሰጠሽም» አሉ።

«አልሰጠሁም።»

«ስትመነኩሺ ፍትሐት ይደርስልሻል፤ ለዓለሙ ሞተሻልና። የሞተ ሰው ርቢ አይካፈልም፣ ጌታነሽ።»

«ርቢው አይደለም የያዘኝ፣ አባቴ። ምንይሉ ነው። በየምሽቱ ሲጮኹ እሱ ያለ ይመስለኛል። እነሱን ሰጠሁ ካልኩ እሱን ዳግመኛ ቀበርኩት።»

አቶ ምንይሉን ያናዘዙትም፣ የቀበሩትም አባ ናቸው።

«ምንይሉን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሉ። «እሱ አንቺ የምትሰጪው አይደለም፤ የምታስቀሪውም አይደለም። አንቺ በእጅሽ ያለውን ብቻ ተመልከች። እሱን እስክትጨርሺ ለእመምኔቷ አልልክም። ስትጨርሺ ባዶ እጅሽን ነይ።»

መስከረም ጠባ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ወይዘሮ ጌታነሽ ገሠሠን አስከትለው ቀየት ወረዱ። ዋሱ ባለበት የታሰረ ውል ዋሱ ባለበት ነው የሚፈታው።

የመስተዋቱ ቤት ከክፍሎቹ በአንዱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሰዉ ግጥም ብሎ ነበር፤ ተማሪውም ገበያተኛውም። ጨው ልትገዛ የመጣች ሴት አገልግሏን ይዛ አጎንብሳ ታያለች። አንድ ሽማግሌ «እኔ እኮ እነዚህ ዝም ብለው ውኃ የሚያቆሽሹ ይመስሉኝ ነበር» ይላሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ ከኋላ ቆመው የሰዉን ጀርባ አዩ። በጓሯቸው ሲሳቅባቸው የኖሩት እንቁራሪቶች ዛሬ ሰው ይጋፋላቸዋል። ምንይሉ ይህን ቢያይ ብለው አሰቡና ልባቸው ተነካ።

ትርሲት አይታቸው መጣች። በሌላ ሳፋ፣ መረብ ተደርጎበት፣ የጥፍር ያህል ትንንሽ እንቁራሪቶች ይዘላሉ። «ድርሻዎ ነው» አለች። «እኩል ነው የተካፈልነው። ጋሼ ገሠሠ አብረውኝ ነበሩ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ሳፋውን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፤ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው።

«ገሠሠ ሆይ፣ ስማ። ከዛሬ ጀምሮ እናቶቹም የትምህርት ቤቱ ናቸው፤ የተወለዱትም፣ የሚወለዱትም። ድርሻም የለኝ፣ ርቢም የለኝ። ቢሞቱም ቆዳ አምጡ አልልም። አንተም ከዋስነትህ ወርደሃል።»

«ሰምቻለሁ» አለ ገሠሠ። «እንግዲህ በገበያ ቀን ምን ብዬ ልገባ ነው?»

«ወዳጅ ብለው ይግቡ» አለችው ትርሲት።

ገሠሠ ቀና ብሎ አላየም፤ የሳፋውን መረብ ያስተካክል ጀመር። ወይዘሮ ጌታነሽ ልጅቷን ሳሟት፣ መረቋት፣ ወጡም። ቀለል ብሏቸዋል። ያልወጣችው ቃል በመጨረሻ ወጥታለች፤ ሰማይም አልተደፋ።

ከግቢው በር ወጥተው፣ ከገበያው ጫፍ ካለችው ድልድይ ሲደርሱ ግን እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ መቀነታቸው ሄደና ጋዜጣዋን ነካ። ቆሙ። ከድልድዩ ግንብ ላይ ተቀመጡ።

ይህችስ ንብረት ናት? የቅጠል ያህል ደረቅ ቆዳ ናት። አታረባ፣ አትጮህ፣ አትሸጥ። ገዳም ይዘዋት ቢገቡ ማን ይፈትሻቸዋል? ለአባ ሲናዘዙ እንኳን መቀነታቸው ውስጥ ነበረች፤ አባም አልጠየቁም። ወይዘሮ ጌታነሽ እንዲህ እያሉ ራሳቸውን ሲያባብሉ ቆዩ። በየምሽቱ፣ በዚያ ዝም ባለው ቤት፣ ጋዜጣዋን ገልጠው የጎደለውን ጣት በጣታቸው ሲዳስሱ ነው የሰነበቱት። ከዚህ በላይ የሚወዱት ነገር እንደሌላቸው ያወቁት አሁን፣ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ነው። በጎቹን ሲሰጡ አላለቀሱም። ቤቱን ሲሰጡ አላለቀሱም። አሁን ግን ገበያተኛ እያለፈ አለቀሱ።

«እትዬ፣ ምን ረሳን?» አለ ገሠሠ፣ በቅሎውን ይዞ ተመልሶ።

«አለቃን» አሉና ተነሡ።

ትርሲት ሲመለሱ ስታያቸው ሐሳባቸውን የለወጡ መሰላት፤ ፊቷ ላይ አስታወቀባት። ወይዘሮ ጌታነሽ ጋዜጣዋን ከመቀነታቸው አውጥተው ሰጧት። ልጅቷ ምን እንደሆነ በእጇ አወቀችው፤ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

«እሱንም ከእነሱ ጋር አድርጊው፤ ልጆቹ ይዩት» አሉ። «ጣቱ እንደጎደለ አሳዪአቸው። ቀድሞ የሚጀምር እሱ ነበር በያቸው። ምንይሉ የሚባል ሰው ይሰማው ነበር በያቸው።»

«እላቸዋለሁ።»

«አሁን ማነው የሚጀምር?»

ትርሲት ወደ መስተዋቱ ዞር አለች። «አንድ ትንሽ አለ። ድምፁ ገና ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ሳይጨርስ ያቆማል። ግን እሱ ነው የሚጀምረው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የትኛው እንደሆነ አሳዪኝ አላሉም። ገሠሠ በቅሎዋን ይዞ ደጅ ይጠብቃቸው ነበር፤ «ይውጡባት» ቢላቸው «በእግሬ» አሉት። በዳገቱ ሁሉ እጃቸው እየሄደ መቀነታቸውን ይዳስሳል፤ ምንም ሲያጣ ይመለሳል። ቤት እስኪደርሱ ድረስ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።